ልጁ ስም አለው

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ልንጣላ የደረስነው በፖለቲካ አይደለም፣ በልቦለድ ነው። አንዷ ጓደኛችን የኻሊድ ሆሴይኒን «ዘ ካይት ራነር» ሌሊቱን ጨርሳ ዓይኗ አብጦ መጣች። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እኛ ካነበብነው ቆይቷል።

ላላነበበ ባጭሩ ልንገረው። አሚር በአፍጋኒስታን ዋና ከተማ በካቡል የሚኖር ሀብታም ልጅ ነው፣ ከገዢው ብሔር ከፓሽቱን። ሐሰን የቤታቸው አሽከር ልጅ ነው፣ ከሚናቀው ብሔር ከሃዛራ። አብረው አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1975 በብርዱ ወራት አሚር የካይት (በክር የሚበር የወረቀት መጫወቻ) ውድድር ያሸንፋል፤ ሐሰን ክሯ የተቆረጠውን የመጨረሻዋን ካይት ሊያመጣለት ይሮጣል። አሴፍ የሚባል የሰፈር ጉልበተኛ ከግብረ አበሮቹ ጋር ጠባብ መንገድ ውስጥ ይዞ ደፈረው። አሚር ጥግ ቆሞ አየ። ትንፍሽ አላለም። ይባስ ብሎ ሐሰንን ባየ ቁጥር ሕሊናው ሲያቃጥለው ጊዜ፣ ሰዓቱንና ገንዘብ የሐሰን ፍራሽ ስር ሸጉጦ ሌባ አስባለው። ሐሰንም «ሰርቀሃል?» ሲባል «አዎ» አለ።

«እዚህች ‹አዎ› ላይ መጽሐፉን ወረወርኩት» አለች ጓደኛችን።

ባንክ የሚሠራው ወዳጃችን ግን አልራራም። «ሐሰንን ታሊባን ከገደለው በኋላ፣ አሚር ስንት ዓመት አሜሪካ ቆይቶ፣ የሐሰንን ልጅ ላድን ብሎ ካቡል መግባት ምን ይባላል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

«አሚር ያኔ ልጅ ነበር እኮ! የ12 ዓመት ልጅ!»

«ሐሰን ደግሞ በአንድ ዓመት ያንሰዋል።»

ጡረታ የወጡት አስተማሪ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ነገር ጓደኝነት ነበር ወይ? ሐሰን ቁርሱን ያቀርባል፣ አልጋውን ያነጥፋል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ልብሱን ይተኩሳል። ከዚያ አሚር ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እሱ ይቀራል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ጓደኛ ይባላል?»

«ጋሼ፣ ይወደው ነበር እኮ። ሮማኗ ዛፍ ስር ተቀምጦ ያነብለት አልነበር?»

«ያነብለት ነበር። ሐሰን የማያውቀው ቃል ሲመጣ ደግሞ የውሸት ትርጉም እየነገረ ይስቅበት ነበር።»

ይቺን እኔም ረስቻት ነበር።

እኔ ጃላላባድን አነሳሁ። አሚር ወደ ካቡል ሲሄድ እዚያች ከተማ አንድ ድሃ ቤት ያድራል። እየበላ ሳለ ልጆቹ ሰዓቱ ላይ ያፈጠጡ ይመስለውና አውልቆ ይሰጣቸዋል። ኋላ ነው የገባው፣ ያፈጠጡት ሰዓቱ ላይ ሳይሆን ምግቡ ላይ ነበር። እራታቸውን በልቶባቸዋል! ጠዋት ማንም ሳያየው ገንዘብ ፍራሽ ስር ከትቶ ይወጣል። ያው ፍራሽ፣ ያው ገንዘብ፣ በተቃራኒው።

«ሀብታም ንስሐው እንኳን በጥሬ ገንዘብ ነው» አለ ባንክ ሠራተኛው። ሳቅን፣ ምን እናድርግ።

«ድብደባውስ? ያ አሴፍ፣ ኋላ ታሊባን ሆኖ የሐሰንን ልጅ የያዘው፣ የአሚርን አጥንት ሲሰባብረው አሚር ሳቀ እኮ፣ ቀለለው!»

«ለራሱ ነዋ የቀለለው። ለሐሰን ምን ጠቀመው? ደግሞ ሊያድን ሄዶ ያዳነው ማን ሆነና? ሕፃኑ፣ በወንጭፍ!»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ዱላ መቅመስ ካሳ ሲሆን እኔም አይታየኝም፤ የተበደለው ሰው ሞቷል፣ ይቅር የሚል የለም። እኔን ያሳመነኝ ሌላ ቦታ ነው፣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያልፈው። ልጁን ይዞ አሜሪካ ከገባ በኋላ እራት ላይ ናቸው። አማቱ፣ የቀድሞው ጄኔራል፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል፣ ይህ የሃዛራ ልጅ ከልጄ ቤት ምን ይሠራል ይላሉ። አሚር ያን ጊዜ የአባቱን ገመና ሳይቀር ዘረገፈው፦ ሐሰን ለካ አባቱ ከአሽከሩ ሚስት የወለደው ልጅ፣ የገዛ ወንድሙ ነበር። ከዚያም ሁለተኛ እኔ ፊት «የሃዛራ ልጅ» እንዳይሉት፣ ስም አለው፣ ሶህራብ ይባላል አላቸው። ያኔ ጠባቡ መንገድ ጥግ ቆሞ ዝም ሲል ለራሱ የነገረው ምክንያት ምን ነበር? ሃዛራ አይደል እንዴ የሚል ነው። ለዚያች ዓረፍተ ነገር መልስ ለመስጠት 26 ዓመት ፈጀበት። ዘግይቷል፣ አልክድም። ግን እዚህ ማንም አልደበደበውም፣ ገንዘብም አልከፈለም፣ አፉን ብቻ ከፈተ። ሶህራብ ራሱ አልሰማውም፣ ሶፋው ላይ ተኝቶ ነበር።

«ይሄን እራት ጭራሽ አላስታውሰውም» አለ ባንክ ሠራተኛው። በረካው ሳይደርስ ተነሳ፣ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብሎ ሄደ።