ትከሻ ለተያዘበት ሰው ከሾክዌቭ በፊት የስኳር ምርመራ

«ትከሻዎ ተይዟል? ያለ ኦፕራሲዮን፣ ያለ መርፌ፣ በሾክዌቭ ብቻ ይገላገሉ!» የሚል ማስታወቂያ ሰሞኑን አዳማ ውስጥ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ነው። ፊዚዮቴራፒ ላይ ስለምሠራ ያየው ሁሉ ወደ እኔ ይልከዋል፤ ከሥሩም «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ይጽፋል።

ሾክዌቭ የሚባለው፣ የታመመውን ቦታ በድንገተኛ ሞገድ የሚመታው ማሽን እውነት ነው። የሚያናድደኝ «ያለ ኦፕራሲዮን» ተብሎ መነገሩ ነው። ያነበበ ሰው ማሽኑ ባይኖር ኖሮ በነጋታው ቢላ ይጠብቀው የነበረ ይመስለዋል። ፍሮዝን ሾልደር፣ ማለትም ትከሻ ተይዞ እጅ አልነሳ የሚልበት ሕመም፣ የያዘው አብዛኛው ሰው ግን የኦፕራሲዮን ክፍል ደጃፍ ሳይረግጥ ነው የሚሻለው። ከማይመጣበት አደጋ አዳንኩህ ብሎ ገንዘብ መቀበል ደግ ንግድ አይደለም።

ሕመሙ የሚጀምረው የትከሻን መገጣጠሚያ ዙሪያውን የሸፈነው ስስ ከረጢት ሲቆጣ ነው። መጀመሪያ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ይመጣል። ከዚያ ከረጢቱ እየወፈረና እየተኮማተረ ሲሄድ ሕመሙ ቀለል ይልና እጅ አልነሳ ይላል። በመጨረሻ ቀስ በቀስ ይፈታል። ሦስቱ ደረጃዎች አንድ ላይ ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊፈጁ ይችላሉ። በብዛት የሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ሲሆን ሴቶች ላይ ይበዛል። ፀጉር መሠራት፣ ነጠላ ወደ ኋላ መጣል፣ የውስጥ ልብስ ከጀርባ መቆለፍ ሲያቅት ነው የሚታወቀው። የባጃጅ ሾፌሩ ደግሞ ከኋላ ከተቀመጠው ሰው ሂሳብ መቀበል ሲያቅተው ይነቃል።

እኛ ዘንድ የዚህ ሁሉ ስሙ «ብርድ መታኝ» ነው። በአዳማ ሙቀት ብርዱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ወጌሻ ጋ ይኬዳል፤ ከረጢቱ ገና በተቆጣበት ሰዓት እጅ ይጎተታል፣ ሕመሙም ይብሳል።

ገበያ ውስጥ እህል የሚሸጡ እናት ሾክዌቩን ጀምረው፣ ሳይሻላቸው ሲቀር ወደ እኔ መጡ። ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቄ ክንዳቸውን ወደ ውጭ ለማዞር ስሞክር እጃቸው ሳይሆን ወገባቸው ዞረ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሰውነቴን ነው የማዞረው» ብለው ራሳቸው ሳቁ። የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው ሲያዞረውም እጁ እንቢ ይላል። «ስኳር ተመርምረዋል?» አልኳቸው። አልተመረመሩም። ውሃ አብዝተው መጠጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሙቀቱ ነው ብለው ትተውታል። ሲመረመሩ ስኳር ተገኘባቸው።

እንግዲህ ማሽኑን የያዘው ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው ሕክምና የጀመረው። ፍሮዝን ሾልደር ከጠቅላላው ሕዝብ ከ2 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል ተብሎ ይገመታል፤ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ግን ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የታይሮይድ ችግር ያለባቸውንም ያጠቃል። ትከሻው አንዳንዴ ሌላ ሕመም ይዞ የመጣ መልእክተኛ ነው።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ድንገተኛ ሞገድ ሰውነት ላይ መልቀቅ የተጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሙኒክ ውስጥ የኩላሊት ጠጠርን ለመስበር ነው። በኋላ ወደ ጅማትና ጡንቻ ተሻገረ። በየክሊኒኩ በብዛት የሚገኘው ዓይነት በታመቀ አየር የሚሠራ ነው፤ እጀታው ውስጥ ያለች ትንሽ ብረት እየተወረወረች ጫፉን ትመታለች፣ ምቱ ወደ ሰውነት ይተላለፋል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ቀጠሮ እስከ 2000 ምት ይሰጣል። ለተረከዝ ሕመምና ትከሻ ጅማት ላይ ካልሲየም ሲጠራቀም የተሻለ ማስረጃ አለው። ለፍሮዝን ሾልደርም ሕመም እንደሚቀንስና እንቅስቃሴ እንደሚጨምር ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ጥቂት ሰዎች ላይ ለአጭር ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ሕመሙ በራሱም ጊዜ የሚፈታ ስለሆነ የተሻለው በምቱ ነው፣ አብሮ በሚሠራው ስፖርት ነው ወይስ በጊዜው ብሎ መለየት ቀላል አይደለም።

ለነገሩ ኦፕራሲዮኑም ቢሆን ያን ያህል አይበልጥም። በ2020 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 503 ሕመምተኞችን አሳትፎ፣ ከረጢቱን በኦፕራሲዮን መቁረጥን፣ በማደንዘዣ እጅን ማላቀቅንና ከኮርቲዞን መርፌ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ጋር የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒን አወዳድሮ ነበር። ከዓመት በኋላ ከሦስቱ አንዱም ሌሎቹን በግልጽ አልበለጠም። ማስታወቂያው «ያለ መርፌ» ብሎ የሚያንኳስሰው መርፌ በሕመሙ የመጀመሪያ ወራት ሕመምን በማስታገስ በኩል ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ግን ለጥቂት ቀናት ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ክትትል ይፈልጋል። ስኳሩ አልስተካከል ላለው ሰው ሾክዌቭ አማራጭ ቢሆንለት እኔም አልቃወምም። ለነፍሰ ጡር፣ የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ፣ በቦታው ላይ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ላለበት ግን አይሆንም።

ከወንጂ በሚኒባስ ተመላልሶ የሚታከም ሰው ከሕክምናው ሌላ የትራንስፖርት ወጪም አለበት። ስለዚህ «ሙሉ ፓኬጁን ቀድመው ይክፈሉ» ሲባል እሺ አይበሉ። መጀመሪያ ስኳርዎን ይመርመሩ፤ ክንድዎን እንደዚያች እናት አዙሮ ያየ ባለሙያም ይኑር። ቤት ውስጥ የሚሠሩትን ስፖርት ሳይቀበሉ አይውጡ፤ በጤነኛው እጅ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ የታመመውን ወደ ውጭ መግፋት፣ በጣት ግድግዳ ላይ እየተራመዱ የደረሱበትን በጠመኔ ማስመር ገንዘብ አይጠይቅም። ክንድዎ ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚዞር በመጀመሪያው ቀን ያስለኩ። ከሦስት ቀጠሮ በኋላ እንደገና ያስለኩና ለውጥ ከሌለ ለአራተኛው አይክፈሉ።