ፎርስተርም ዙሉ ይማር

ደቡብ አፍሪካ፣ የጆሃንስበርግ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሶዌቶ ውስጥ ሱቅ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ሰኔ 9 ቀን ሰፈሩ መልኩን ይቀይራል። ትልልቅ ሰዎች የተማሪ ዩኒፎርም ለብሰው ይወጣሉ። ጸጉራቸው የሸበተ አባት ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርገው ዳቦ ሊገዙ ይመጣሉ። የልጅ ልጅ ያዩ እናት የተማሪ ቀሚስ ለብሰው ሰልፍ ይይዛሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ገና ሳያቸው ሆዴ ይባባል።

ቀኑን እኛም አገር እናውቀዋለን፤ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ይባላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከ1991 ጀምሮ እንዲከበር ያደረገው የሶዌቶን ተማሪዎች ለማሰብ ነው። (የዚህን አገር ታሪክ ዓመታቱን በፈረንጅ፣ ቀኑን ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወላይታ ሶዶ ሳድግ በሬዲዮ ስሰማው ልጆች የሚዘምሩበት በዓል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደም የፈሰሰበት ቀን መሆኑን ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ነው።

የአፓርታይድ መንግሥት በ1953 የባንቱ ትምህርት ሕግን አወጣ። ጥቁር ልጅ ለብቻው ይማር፣ ለጉልበት ሥራ የሚበቃውን ያህል ይማር የሚል ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለአንድ ነጭ ተማሪ በዓመት 644 ራንድ ሲወጣ ለጥቁሩ 42 ራንድ ነበር። ይህ አልበቃ ብሎ በ1974 ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት በነጮቹ ገዢዎች ቋንቋ፣ በአፍሪካንስ ይሰጥ የሚል ትእዛዝ መጣ። ብዙዎቹ መምህራን ራሳቸው ቋንቋውን በደንብ አይችሉትም። ለልጆቹ ደግሞ አፍሪካንስ የፖሊሱ፣ አባታቸውን መንገድ ላይ አስቁሞ የይለፍ ደብተር የሚጠይቀው ሰው ቋንቋ ነው።

ሰኔ 9 ቀን፣ በ1976፣ ረቡዕ ጠዋት የሶዌቶ ተማሪዎች ትእዛዙን ተቃውመው ወደ ኦርላንዶ ስታዲየም ሊሄዱ ወጡ። ከያዟቸው መፈክሮች አንዱን እወደዋለሁ፦ «እኛ አፍሪካንስ ከተማርን ፎርስተርም ዙሉ ይማር»። ፎርስተር የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። መንገድ ላይ ፖሊስ ተኮሰባቸው።

ፎቶውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የ12 ዓመቱን ሄክተር ፒተርሰንን አንድ ወጣት ታቅፎ ይሮጣል፣ እህቱ እጇን ዘርግታ ከጎኑ አለች። ያነሳው ሳም ንዚማ ፊልሙን ከፖሊስ ያተረፈው ካልሲው ውስጥ ደብቆ ነው። የኔ ዓይን ሁልጊዜ የሚያርፈው ግን በተሸካሚው ላይ ነው። ምቡዪሳ ማኩቦ ይባላል። ፖሊስ ሲያሳድደው ከአገር ወጣ። በ1978 ከናይጄሪያ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናቱ ሳያዩት አረፉ። እኔም ከአገር የወጣሁ ልጅ ነኝና ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ድምፄ ይቆረጣል።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። እኔ ዙሉ የተማርኩት ከደንበኞቼ ነው። ጆሃንስበርግ መሃል ካለው የሐበሻ ገበያ፣ ከጄፒ፣ ዕቃ አምጥተን ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) የምንሸጥ ልጆች ሁላችንም እንደዚያው ነን። «ሳዉቦና»ን ከሰላምታ፣ «ማሊኒ»ን ከዋጋ ጠያቂ ለቀምን። ባልቴቶቹ ስሳሳት እየሳቁ ያርሙኛል። በዓመቱ መጨዋወት ቻልኩ። ያስገደደኝ የለም፣ ስለዚህም አልከበደኝም።

የተጫነ ቋንቋ ምን እንደሚመስል ግን አገሬ አይቻለሁ። በእኛ 1992 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ ተደባልቀው «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ መጽሐፍ መጣ። ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ፣ አንድ መጽሐፍ ለአራቱም ይበቃል ተባለ። ታናሽ ወንድሜ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ አባቴ አንድ ገጽ አነበበና ዝም ብሎ ዘጋው። ሶዶ ላይ ተማሪውም መምህሩም ሕዝቡም ወጣ። ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በኋላ መጽሐፉ ተሰበሰበ። ወላይታም በቀጣዩ ዓመት ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። እዚህ ገዢው ዘር ለይቶ ነው የበደለው። ደግሞ አፓርታይድ የእናት ቋንቋንም ለክፋት ተጠቅሞበታል፤ ልጁ በዙሉና በሶቶ ተከፋፍሎ ይቅር፣ ሩቅ አይሂድ ብሎ። ለዚህ ነው ትእዛዙ በዚያው ክረምት ሲነሳ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛን የመረጡት። እኛ ዘንድ የእናት ቋንቋ መብት ሆኖ መጣ፣ እዚህ ጥርጣሬ ያረፈበት ነገር ነው። የሚያመሳስላቸው ከላይ የወሰነው ሰው ክፍል ውስጥ የሚቀመጠውን ልጅ፣ ወላጁንና መምህሩን አለመጠየቁ ነው። ዛሬም አገር ቤት የትምህርት ቋንቋ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የምፈራው ይህንኑ ነው። እባካችሁ፣ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ጠይቁ።

እኔስ? ልጄ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። በእንግሊዝኛ ትማራለች፣ ዙሉንም እንደ አንድ ትምህርት ትወስዳለች። ይህን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ እሷን ሳልጠይቅ። ባለፈው ሰኔ ወደ ሄክተር መታሰቢያ ይዣት ሄድኩ። የፎርስተሩን መፈክር ስነግራት ሳቀች። ከዚያ «አባ፣ ያንተን ቋንቋ ለምን አላስተማርከኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሶዶ እንደውላለን። እናቴ በወላይትኛ ትጠይቃታለች። ልጄ ስልኩን እንደያዘች ዞር ብላ እኔን ታየኛለች።