አስተናጋጅ ቆሞ ከሚታይ ደንበኛ ቆሞ ይዋል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቁርስ የምበላበት ቤት ሰሞኑን ዘምኗል። ዘመነ ስላችሁ ፍርፍሩ ጣፈጠ ወይ ወንበሩ ተቀየረ እንዳይመስላችሁ፣ ኩፖን ጀመሩ ነው የምላችሁ። ድሮ ትገባለህ፣ ትቀመጣለህ፣ አስተናጋጅ ይመጣል፣ ታዛለህ፣ በልተህ ትከፍላለህ፣ አለቀ። አሁን መጀመሪያ ካሸር ጋ ተሰልፈህ ትከፍላለህ፣ አንዱን ኩፖን ይዘህ ማሽኑ ጋ ለማኪያቶ ትሰለፋለህ፣ ሌላውን በኩሽናው መስኮት ሰጥተህ እዛም ትቆማለህ፣ ከዛ ወንበር ፍለጋ። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል አዲስ ባነር ተሰቅሏል። የትኛው ንጉሥ ነው ትኩስ ብርጭቆ በእጁ ይዞ በሰው ትከሻ መሀል «ይሄ ወንበር ሰው አለው?» እያለ የሚዞረው?

ንጉሥ ከተነሳ አይቀር፣ እዚሁ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለላችሁ። በ1906 ዘውድ የጫኑት ሰውዬ እዛ ውስጥ ግብር ሲያበሉ ማንም ኩፖን አልቆረጠም። እሺ እሱስ የቤተ መንግሥት ነገር ነው እንበል፣ የሰፈር ሰርግስ? ወሎ ውስጥ ሰርግ ያልበላ ሰው ስለ አስተዳደር ባያወራ ይሻላል። ማናጀር የለ፣ ስልጠና የለ፣ ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቶ አሳላፊዎቹ እንጀራ ያዡ በእንጀራ ወጥ ያዡ በወጥ መጠጥ የያዘው በመጠጥ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይነካ አንዱ ዙር በልቶ ሲነሳ ሌላው ይገባል፣ ዳር ላይ ወገባቸውን ይዘው የቆሙ ሁለት ሦስት ልጆች ደግሞ ሁሌ አሉ፣ ማንም «ለምን ቆማችሁ» አይላቸውም፣ ወጥ ሲጎድል የሚሮጡት እነሱ ናቸዋ!

የኛ ቁርስ ቤት ባለቤት ግን ይሄ ያመዋል። የቆመ አስተናጋጅ ካየ ደሞዙ ሲፈስ ነው የሚታየው። ደሞ መቼ ነው የሚያየው? እሱ ሱቁ የሚመጣው አራት ሰዓት ላይ ነው፣ ቁርስ የሚበላው ሰው በልቶ፣ ባጃጁም ቢሮውም ሥራ ገብቶ፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት። የደሴ ሰው ብርድ ብርድ ብሎት ትኩስ ነገር ፍለጋ የሚጋፋው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ያኔ እሱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። አራት ሰዓት መጥቶ «እነዚህ እኮ ቆመው ነው የሚውሉት» ብሎ ግማሾቹን ቀነሰና የነሱን ሥራ በኩፖን ለኛ አከፋፈለን።

ይሄን ነገር ቁጭ ብሎ ያሰላ ሰው ነበረ እኮ፣ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ። ኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ በፈረንጆቹ 1909 የወረፋን ሒሳብ ጀመረው (በኛው 1909 እኛ ሰገሌ ጦርነት ላይ ነበርን፣ ንጉሥ ሚካኤልም እዛው ተማረኩ፣ ወረፋ የሚያሰላ ሰው አልተረፈንም)። ከሱ በኋላ የመጡትም ጨምረውበት፣ ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው። ሰው እንዳጋጣሚ በሚመጣበት ቦታ አንዱ ሠራተኛ ግማሹን ጊዜ ብቻ ሥራ ላይ ከሆነ፣ የሚስተናገደውን ጨምሮ እሱ ጋ በአማካይ አንድ ሰው ነው የሚገኘው። ከመቶው ዘጠናውን ሥራ ላይ ካደረግከው ዘጠኝ ሰው ይሆናል። ዘጠና አምስት ካደረስከው አሥራ ዘጠኝ! አምስት ጨመርክ፣ ሰልፉ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለባለቤቱ ቁጠባ፣ ለኔ የእግር ቁርጥማት።

እውነት ለመናገር ሳይከፍል የሚሾልክ ሰው አለ፣ አስተናጋጅ ኪስ የሚቀር ብርም አለ፣ ባለቤቱ ኩፖን ማሰቡ አይገርመኝም። ግን ሦስት አስተናጋጅ ይቀበለው የነበረውን ሒሳብ አንዲት ካሸር ላይ ከከመርከው ወረፋው የት ይሄዳል? እሷ ጋ ነዋ!

እሷ ደግሞ የእህቱ ልጅ ናት። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች» የሚለውን ተረት የምወደውን ያህል ሌላ ተረት አልወድም፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ በግና ጅብ ሁለቱንም ስለምናውቅ ነገሩ ይገባናል። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል፣ እሷ ቲክቶክ ላይ ናት። «እህት፣ እንቸኩል» ስትላት ቀና ሳትል «አብሽር» ትልሃለች። አብሽር ጥሩ ቃል ነው፣ የታመመ የሚጽናናበት፣ እሷ አፍ ላይ ግን ደሜን ያፈላዋል። ከዛ ዝርዝር የለም። ዝርዝር ኖሮ አያውቅም! ኩፖኑ ከመጣ ወዲህ በመልስ ፈንታ ማስቲካ ተቀብዬ መንጋጋዬ ወለቀ፣ አንድ ቀን ማስቲካውን ሰብስቤ በሱ ልክፈል ብላት በግልምጫ ገደለችኝ።

ይሄን ሁሉ በቀልድ ልተወው እችል ነበር፣ የዛን ቀን እኚያን አባት ባላይ። ከኩታበር ሰው ለማሳከም የመጡ ናቸው፣ ፌስታል ውስጥ የካርድ ወረቀት ይዘዋል። ገብተው እንደ ሰው ተቀመጡ። ጠበቁ። ቤቱ ሙሉ ሰው በፊታቸው ያልፋል፣ አንድ የሚያያቸው የለም፣ ምክንያቱም የሚያያቸው ሰው ተቀንሷል። በመጨረሻ የቀረውን ልጅ «ልጄ፣ እዚህ ሻይ አይሰጡም እንዴ?» አሉት። «ኩፖን ቆርጠው ነው አባባ» አለና በሩጫ አለፈ። እሳቸውም «ከየት ነው ምቆርጠው?» አሉ፣ የመለሰላቸው አልነበረም። እኔ ሰልፍ ለቅቄ እስክደርስ ፌስታላቸውን አንስተው ወጥተዋል። ወሎ ላይ፣ እንግዳ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ሻይ ሳይቀምስ! ይሄን የሠራ ሰው ነው የደንበኛ አያያዝ ሰርተፍኬት ከካሸሯ ጀርባ የሰቀለው።

የጀመርኩት ስለ ኩፖኑ ነበር አይደል፣ እሺ ኩፖኑ ይኑር፣ አልጣላውም። ብቻ ጠዋት ጠዋት አንድ ካሸር ይጨመር፣ አንድ ልጅ ደግሞ በሩ ጋ ይቁም፣ ምንም ሳይሠራ ይቁም፣ የገባውን እያየ። ባለቤቱም ያን ሰዓት መጥቶ ይይ። መልስ ግን በብር ይሁን፣ ማስቲካ አልቀበልም።