ፈረቃዬን ለማየት ትኬት ቆረጥኩ

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ መተኛት ሲገባኝ ሲኒማ ገባሁ። ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ የፊልም ሙዚየሙ ውስጥ ያለችው አዳራሽ። የሚታየው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ከስክሪኑ ሥር አንድ ሰውዬ ፒያኖ ይጫወታል። ተመልካቹ ሠላሳ አይሞላም። ከሁሉም ወጣቱ ምናልባት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሃምሳ ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ።

ፊልሙ የጀርመናዊው ዳይሬክተር የሙርናው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 በርሊን የተሠራ። ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ብስጭቴ አይገባችሁም። አንድ ሽማግሌ የትልቅ ሆቴል በር ከፋች ነው። ረጅም ካፖርት፣ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ፣ ትከሻው ላይ ጌጥ። ሰፈሩ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ጄኔራል እጅ ይነሳዋል። አንድ ዝናባማ ቀን ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ ይደክመውና ትንሽ አረፍ ይላል። አለቃው አየው። አለቀ። ካፖርቱን ገፈው ወደ ምድር ቤት አወረዱት፤ መጸዳጃ ቤት። ፎጣ አቀባይ፣ ወለል ወልዋይ።

ቤት ደግሞ ሠርግ አለ። ታዲያ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ካፖርቱን ሰርቆ፣ ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ሠርጉ ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ማስቀመጫ ይተወዋል፤ ቀን ሽንት ቤት ይወለውላል፤ ማታ ካፖርቱን ለብሶ ሰፈሩ ይገባል።

እኔም የምሠራው ሆቴል ነው። የሌሊት ፈረቃ። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ገብቷችኋል።

ወጥቼ ቨርጂኒያ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ ፊልም የምንነጋገረው ሁለታችን ነን። ገና ግማሹን ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«ስንት ከፈልክ?»

«አሥር ዩሮ ገደማ።»

«አሥር ዩሮ ከፍለህ የራስህን ፈረቃ አየህ? እኔ ቀን ሙሉ ኡበር ነድቼ ማታ ኡበር የሚነዳ ሰው ለማየት አልከፍልም። ሰው ሲኒማ የሚገባው ሊረሳ ነው፣ ጌታው!»

ስልኩን ዘጋሁበት። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

እኔና እሱ ያደግነው አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ ደርግ በወደቀ ማግስት። ሃምሳ ሳንቲም። አግዳሚ ወንበር፣ የተቀዳደደ መጋረጃ፣ የእግር ሽታ። እዚያ ቤት ሕጉ አንድ ነበር፦ አክተር አይሞትም። ጥይት እንደ በረዶ ቢዘንብ፣ ከሄሊኮፕተር ቢወድቅ፣ አክተር አይሞትም። የሞተ ዕለት ፉጨቱ፣ ስድቡ፣ «ብራችንን መልሱ!» ነው። የእንግሊዝኛው ነገር አይነሳ። «ሮኪ»ን አይተን ስንወጣ ልጁ አሸንፏል ብለን እስከ አውቶቡስ ተራ ስንጨፍር ሄደናል። እ.ኤ.አ. የ1976ቱ «ሮኪ» መጨረሻ ላይ በነጥብ እንደሚሸነፍ ያወቅኩት ጀርመን ከገባሁ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌለ ድል ሳከብር!

የአውሮፓ ፊልም አልነበረም እንዳይባል ነበር። ጎተ፣ አሊያንስ፣ የጣሊያን ባህል ማዕከል ያሳዩ ነበር። የሚሄዱት ግን ጺማቸውን ያሳደጉ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። አንዴ አንድ ጓደኛዬ ጎትቶ ወሰደኝ። አንዲት ሴትዮ መስኮት ላይ ቆማ ታስባለች። ታስባለች። አሁንም ታስባለች። መብራት በራ። «አለቀ?» አልኩ። አልቋል። ወደ ሰባተኛ ተመለስኩ።

ጀርመን ስመጣ ታዲያ በቃ ሲኒማ በሲኒማ እሆናለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ደሞዜን ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ማስታወቂያ፤ የመኪና፣ የባንክ፣ የቢራ። ግማሽ ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ፈንዲሻው ስኳር ነው፤ ጨው ያለው ከፈለግህ ልትጠይቅ ይገባል፤ ያኔ ለመጠየቅ ቋንቋው የለኝም። ይሁን። መጨረሻ ላይ ፊልሙ ጀመረ። ሮበርት ዲኒሮ ብቅ አለ። አፉን ከፈተ። ጀርመንኛ!

እንዴ!

ያ ሁሉ ዘመን እንግሊዝኛውን ባንሰማውም ድምፁ የሱ ነበር። አሁን ድምፁም ተወሰደ። በኋላ እንደተረዳሁት ዲኒሮን ለአሥርት ዓመታት ጀርመንኛ ያናገረው ክርስቲያን ብሩክነር የሚባል ሰው ነው። ጀርመኖች ድምፁን ከመውደዳቸው የተነሳ ዋናውን ዲኒሮ ሲሰሙ «ይሄማ እሱን አይመስልም» ይላሉ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ተከራክሮኛል፤ ፍጹም ከልቡ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር አገር ቤት ምን ያህል እንደተጮኸ ታስታውሳላችሁ። ባህላችን ጠፋ፣ የአርቲስቱ እንጀራ ተነካ። እዚህ ያሉት ከልጅነት እስከ እርጅና በዚያው ነው የሚኖሩት፤ ማንም አይጮህም። የባሰም አለ። የአሜሪካው ፊልም «ካዛብላንካ» እ.ኤ.አ. በ1952 ምዕራብ ጀርመን ሲገባ በትርጉም ሰበብ ናዚዎቹን በሙሉ ቆርጠው አወጧቸው። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ጠፋ። ከናዚ ያመለጠው ታጋይ የኖርዌይ ሳይንቲስት ሆኖ ቁጭ አለ። ሙሉው ፊልም በጀርመንኛ የታየው በ1975 ነው። አፍህን ለሌላ ሰው ከሰጠኸው ታሪክህንም ይወስደዋል ማለት ነው። እኔ ዛሬም በዋናው ቋንቋ የሚያሳይ ሲኒማ ካላገኘሁ አልገባም። ትኬት ቆራጯ ታውቀኛለች፤ «ዛሬ የጀርመንኛው ብቻ ነው» ትለኛለች ገና ከበሩ ስታየኝ።

ያ የሙርናው ፊልም አንዱ ጥቅሙ ይኼ ነው። ድምፅ የለውም። ማንም ሊቀማው አይችልም።

የአውሮፓን ፊልም የወደድኩት ቀስ ብዬ ነው፤ እንደ ጀርመን ዳቦ። መጀመሪያ ጥርስ ይሰብራል። ያለመደኝ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ፋስቢንደር ነው። ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ቀርጾ የጨረሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ አንድ ፊልም አለ። ሙኒክ ውስጥ አሊ የሚባል ሞሮኳዊ ሠራተኛ ከአንዲት በዕድሜ ከፍ ያለች ጀርመናዊት የጽዳት ሠራተኛ ጋር ይጋባል። የፊልሙ ርዕስ ሆን ተብሎ የተሰበረ ጀርመንኛ ነው። እንደኛ ቢባል «ፍርሃት ነፍስን ይበላሉ» ማለት ነው። ርዕሱን ሳየው ሳቄ መጣ፤ እኔም እንደዚያው ነበር የማወራው። መጨረሻው ላይ አሊ ጨጓራው ተበስቶ ሆስፒታል ይገባል። ሐኪሙ ይህ የውጭ ሠራተኞች በሽታ ነው፣ በጭንቀት ነው የሚመጣው፣ ቢድንም ከስድስት ወር በኋላ ይመለሳል ይላል። አለቀ። ሚስቱ እጁን ይዛ ትቀመጣለች።

እዚያች አዳራሽ ውስጥ ከኔ በቀር ጨጓራውን በእጁ የደገፈ ሰው አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ «የለቅሶ ቤት ፊልም» ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር እሱም የሚለው አለው። ከሦስት ዓመት በፊት ልጠይቀው ሄጄ ሲኒማ ወሰደኝ። ወንበሩ አልጋ ነው! አንድ ቁልፍ ስትጫን እግርህ ይነሳል። ኮካው ባልዲ ያክላል። ፈንዲሻው ጨው አለው፣ ቅቤ አለው፤ ሲያልቅ በነጻ ይሞሉልሃል። ሰዉ ደግሞ ያወራል! አክተሩን «ከኋላህ! ከኋላህ!» ይሉታል። ያጨበጭባሉ፤ ሌባው ሲመታ ተነሥተው ይጮኻሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰባተኛ ገባሁ። ፍራንክፈርት ካራሜላ ብትገልጥ ሦስት ሰው ዞሮ ያይሃል።

ፊልሙ ራሱ? ስሙን ረስቼዋለሁ። አንድ ከተማ ፈርሶ ነበር። አክተሩ አልሞተም።

አሜሪካኖች ፊልም መሥራት አያውቁም የሚል የአውሮፓ ጉረኛም አለ፤ እሱንም አልወደውም። ሆሊውድን ማን ሠራውና? ዩኒቨርሳልን የመሠረተው ካርል ሌምሌ ደቡብ ጀርመን፣ ላውፕሃይም ከምትባል ትንሽ ከተማ የሄደ ልጅ ነው። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከበርሊን የሸሸ ሰው ነው፤ አሜሪካ ሲደርስ እንግሊዝኛው እንደኔ ጀርመንኛ ነበር። ሙርናው ራሱም ከዚያ ፊልም በኋላ ጠቅልሎ ሆሊውድ ገባ። የኛ የምንለው የአሜሪካ ፊልም የስደተኛ እጅ ሥራ ነው። ልዩነቱ ስደተኛው እዚያ ሲደርስ መጨረሻውን እንዲያሳምር ይነገረዋል። «የቢስክሌት ሌቦች»ን ጣሊያናዊው ዴ ሲካ ሊሠራ ገንዘብ ሲፈልግ አንድ የሆሊውድ ፕሮዲውሰር «ኬሪ ግራንት ከተጫወተ እሰጣለሁ» አለው። ያ የሆሊውድ ኮከብ ኬሪ ግራንት፣ ቢስክሌት የተሰረቀበት የሮም ሥራ አጥ! ዴ ሲካ እምቢ ብሎ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ አመጣ።

የኛውን ኃይሌ ገሪማን እዩ። የሚኖረው ዋሽንግተን ነው። «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ የሚያከፋፍልለት የአሜሪካ ኩባንያ ሲያጣ ራሱ ሲኒማ እየተከራየ፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ አሳየው። «ጤዛ»ን ሲሠራ ደግሞ የጀርመን ሰዎች አብረውት ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰቱን ወሰደ። አውሮፓ ለፊልም ገንዘብ የሚያወጣው ደግነት ስለበዛበት እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ ከእያንዳንዱ ትኬት 10.72 በመቶ ትቀንሳለች፤ የአሜሪካንም ፊልም ቢሆን። በዚያ ነው የራሷን ፊልም የምትደጉመው። ማለትም ከተማ የሚያፈርሰው ፊልም መስኮት ላይ የምታስበውን ሴትዮ ያበላታል። ብልጥ ናቸው።

«ጤዛ»ን ያየሁት እዚሁ ነው። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ በዘረኞች ተደብድቦ፣ እግሩን አጥቶ እናቱ ቤት ይመለሳል። እናቱ የምታየው ዶክተር ልጇን ነው። እሱ የሚያየው ሌላ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ከኔ ፊት የተቀመጡት ፈረንጆች እስከ መጨረሻው ስም ድረስ ጸጥ ብለው ተቀመጡ። እኔ ሮጬ ወጣሁ። ፈረቃ ነበረኝ።

አሁን ወደ ካፖርቱ ልመለስ፤ ከዚያ ማምለጥ አልቻልኩም።

አገር ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ነጭ ጋዋን፣ ኪሴ ውስጥ ጠመኔ። ሰፈር ውስጥ «ቲቸር» ነበርኩ። እዚህ ዲግሪዬን የሚገመግም ቢሮ ሁለት ዓመት አመላልሶኝ አንድ ወረቀት ጎድሏል አለኝ። ወረቀቱን ሳመጣ የመጀመሪያው ጊዜው አልፎበታል። ይሄን የማወራው ለምሬት አይደለም… እሺ፣ ለምሬት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ፈረንጅ ገና ሰሞን፣ የሆቴላችን በር ከፋች ነፍሱን ይማረውና እየሳቀ የራሱን ካፖርት አለበሰኝ። ከትልቁ የገና ዛፍ ሥር አቁሞ ፎቶ አነሳኝ። ለእማዬ ላክሁላት። እሷ አሳድጋ፣ በፍሬም አድርጋ፣ ሳሎን ውስጥ ከማርያም ሥዕል ዝቅ አድርጋ ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ «ልጄ የሆቴሉ ኃላፊ ነው» ትላለች። እኔ ኃላፊ ነኝ ብዬ አላውቅም። አይደለሁም ብዬም አላውቅም።

አገር ቤት የገባሁ ጊዜ ቡና እየተጠጣ አንድ ጎረቤት ፎቶውን አይቶ፣ «ይሄ ልብስ ስንት ያወጣል?» አለኝ። እማዬ ቀድማ መለሰች፤ «እነሱ ናቸው የሚሰጡት፣ ለትልልቆቹ ብቻ።» ፈንዲሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ለዚህ ነው ሐሙስ ዕለት ሽማግሌው ካፖርቱን ከጣቢያው አውጥቶ ሲለብስ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያላበኝ። ጀርመኖቹ አንዳንድ ቦታ ሳቅ አሉ። የኔ ነገር የተሳቀበት መሰለኝ። ለነገሩ ፊልሙ ውስጥም ጎረቤቶቹ ደርሰውበት ከየመስኮቱ ይስቁበታል።

እሑድ የአክስቴ ልጅ ራሱ ደወለ። ስልክ ስለዘጋሁበት ቅር ብሎታል። ትንሽ ተጨቃጨቅንና፣ «በል ያን ፊልም ጨርሰው» አለኝ። ጨረስኩለት። ሰውዬው መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ተኮራምቶ፣ የሆቴሉ የሌሊት ጥበቃ ብቻ አዝኖለት የራሱን ካፖርት ደርቦለት ይቀራል። እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ጽሑፍ እምብዛም በሌለው ፊልም ላይ አንድ ጽሑፍ ይመጣል። በእውነተኛው ሕይወት ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር፣ ደራሲው ግን አዘነለት ይላል። ከዚያ አንድ ሀብታም መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌው እቅፍ ላይ ይሞታል። ንብረቱ ደግሞ በመጨረሻ እቅፉ ላይ ለሞተለት ሰው እንዲሰጥ ተናዟል። ሽማግሌው እዚያው ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብሎ ካቪያር ይበላል። የሌሊት ጥበቃውንም ይጋብዛል።

«ጀርመኖቹ ፊልሙን ‹የመጨረሻው ሰው› ነው ያሉት» አልኩት። «አሜሪካ ሲገባ ‹የመጨረሻው ሳቅ› ተባለ። ይህ መጨረሻ የተለጠፈ ነው፤ ማንም አያምነውም።»

ከወዲያ ማዶ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ የመኪናው መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«አላልኩህም? በ1924ም አክተር አይሞትም! የት ነው የሚታየው? ዛሬ ማታ ፈረቃ የለኝም።»