ከዘመኑ የቀደመው ጊታር

ትናንት አንድ ወዳጄ የአሜሪካዊውን ራፐር የሊል ዌይንን የሮክ አልበም «ሪበርዝ»ን እስከ መጨረሻው ካስደመጠኝ በኋላ ፊቴን አይቶ «ከዘመኑ የቀደመ ሥራ ስለ ሆነ ነው ያልገባህ» አለኝ። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዘመኑ መቼ እንደሚደርስበት ብጠይቀው ድምፁን ከፍ አደረገው፤ የማጫወቻውን እንጂ የራሱን አይደለም።

እንዲህ ባለ ሰዓት ትዝ የምትለኝ ተረት «ሁሉ ያምርሽን ገበያ አታውጧት» የምትለዋ ናት። የምወዳትም ሴትዮዋን ስለምትነቅፍ ሳይሆን ትእዛዙን ለአውጪዎቹ ስለምትሰጥ ነው። በ2008 «ዘ ካርተር ሦስት» የተባለው አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠለትን ሰው፣ ጊታር ሲያምረው «ተው» የሚለው ማን ነው? ጭራሽ አንድ የኢንተርኔት መደብር ቸኩሎ፣ «ሪበርዝ» ገና ሳይወጣ ወደ 500 የሚጠጉ ቅጂዎችን በስሕተት ለደንበኞቹ ላከ። ሲወጣም ተቺዎች ክፉኛ አብጠለጠሉት፤ በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ደረጃ በሚያወጣው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ ግን ሁለተኛ ሆኖ ገባ።

«ራፐርን ከጊታር ምን አገናኘው?» ከሚሉት ጋር ግን አልተባበርም፤ የቆየ ቂም አለኝ። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ሮክ ገና ስም ሳይወጣለት የኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ መንፈሳዊ መዝሙር ስትጫወት የኖረች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ የሮክ የዝና አዳራሽ በሩን የከፈተላት በ2018፣ በሞተች በ45 ዓመቷ ነው። የሮክን ባለቤት ይህን ያህል ደጅ ያስጠኑ ሰዎች ስለ ድንበር ባይሰብኩን ምናለ!

የዌይን ጥፋት መሻገሩ ሳይሆን ሳይላጥ መሻገሩ ነው። ጊታር ለመማር ሦስት ወር ስለ ታገልሁ አውቀዋለሁ፦ የጣቶች ጫፍ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ቆይቶ ይደነድናል፤ ኤፍ ኮርድ ግን እስከ ዛሬ ጅራቱ እንደ ተረገጠ ድመት ይጮኽብኛል። እርሱ መድረክ ላይ ጊታሩን አንግቶ ጥቂት ኖታ ከቆነጠረ በኋላ እጁን ያነሣል። ድምፁን ደግሞ የዘፋኝን ድምፅ በኮምፒውተር ለሚያቃናው ለኦቶቲዩን አስረክቦታል። ሮክ የሚያምረው የዘፋኙ ድምፅ ሲሰነጠቅ ነው፤ ይህ መሣሪያ ግን ስንጥቁን ሁሉ እየተከታተለ ይመርገዋል፤ የተቆጣው ሰውዬ ቁጣ ከባንክ ወረፋ ጠሪ ማሽን ድምፅ የማይለየውም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ልነግረው ስዘጋጅ «እስቲ ራፐሩ ኤሚነም ያለበትን ዘፈን እንድገመው» አለኝ። ደገምነው። እርሷ ዘፈን እንኳ ደኅና ናት፤ ሁለቱም ራፕ ያደርጉባታል።