ለልጆቻችን ልብ ከቫይታሚን ዲ ጠርሙስ በፊት የመጫወቻ ሜዳ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ አንድ አባት የ12 ዓመት ልጁን አስከትሎ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣ። የምርመራ ወረቀቱን ከማዘዣው ጋር አጥፎ ይዞታል። ልጁ 68 ኪሎ ይመዝናል፤ በደሙ የተገኘው ቫይታሚን ዲ 11 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። ቢያንስ 20 መድረስ ነበረበት። አባትየው ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ይህን ሲጨርስ ልቡም ይጠነክራል አይደል? አባቴን የቀበርኩት በልብ ሕመም ነው" አለኝ። ልጁ የሹራቡን እጅጌ እየሳበ ጣቶቹን ይሸፍናል። ውጭው ፀሐይ ነበር።

ሰው ተሰልፎ ስለነበር አወሳሰዱን አስረድቼ፣ የልጁን የደም ግፊት እንዲያስለካ ነግሬ ሸኘሁት። ጥያቄውን ግን በቅጡ አልመለስኩለትም። ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቁኝ ወላጆች ብዙ ስለሆኑ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

አባትየው ያለ ምክንያት አልጠየቀም። ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውና ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው ልጆች የደም ግፊታቸው ከፍ እንደሚል፣ ኢንሱሊንም በሰውነታቸው እንደሚገባው እንደማይሠራ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህን የሰማ ወላጅ "ቫይታሚኑ ከተሞላ ልቡ ይድናል" ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁለት ነገር አብሮ ታየ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚውል፣ ለስላሳ እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ የማይሮጥ ልጅ ቫይታሚኑም ያንሰዋል፣ ክብደቱም ይጨምራል፣ ግፊቱም ይወጣል።

ነገሩን ለመለየት ቫይታሚኑን ለአንዱ ወገን ሰጥቶ ለሌላው ባዶ እንክብል እየሰጡ ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ "ቫይታል" በተባለው ጥናት 25,871 አዋቂዎች ለአምስት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸዋል፤ ግማሾቹ በየቀኑ 2,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ ይወስዱ ነበር። ውጤቱ በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲወጣ፣ ቫይታሚኑ ድንገተኛ የልብ ሕመምንም ሆነ የአንጎል ምትን አልቀነሰም። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ በፒትስበርግ ከተማ ቫይታሚን ዲ ያነሳቸውና ክብደታቸው የበዛ 225 ልጆች የተለያየ መጠን እየተሰጣቸው ተጠንተዋል። በ2020 በታተመው በዚህ ጥናት የልጆቹ የደም ሥሮች ጤንነት ለስድስት ወር ቫይታሚን በመውሰድ አልተሻሻለም። የደም ግፊታቸውና በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው ግን ከፍ ያለውን መጠን በወሰዱት ላይ ዝቅ ብሏል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ልብን ያድናል ብሎ ለመሸጥ ግን አይበቃም፤ እኔም አልሸጠውም።

ለአጥንት ከሆነ ጥርጥር የለውም፤ ያነሰው ልጅ መታከም አለበት። በጨቅላዎች ላይ ጉድለቱ ሲብስ ካልሲየም ከደም ውስጥ እስከ መሟጠጥ ደርሶ የልብ ጡንቻ የሚደክምበት አጋጣሚም አለ። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላችሁን አታቋርጡ። መጠኑን ግን በራሳችሁ አትወስኑ። ቫይታሚን ዲ ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ በወፍራም ልጅ ሰውነት ውስጥ ተበትኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ከእኩዮቹ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊያስፈልገው የሚችለው ለዚህ ነው። ሲበዛ ደግሞ ካልሲየምን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። ለአንዱ ልጅ የታዘዘውን ለእህቱም የሚያካፍሉ እናቶች አጋጥመውኛል፤ እባካችሁ ተዉት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የሚማሩ፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 18 የሆኑ ልጆችን ደም መርምሮ ነበር። ከገጠሮቹ ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው 21.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ከከተሜዎቹ 61.8 በመቶ ናቸው። በአንድ ሰማይ ሥር፣ በአንድ ፀሐይ! ከጉድለቱ ጋር ተያይዘው የተገኙት ልጆቹ ደጅ የሚቆዩበት ጊዜ፣ የአለባበሳቸው ሁኔታና የሰውነታቸው ስብ ናቸው፤ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር ያለበት ቤትም እንዲሁ። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ጠርሙስ አይቶ አያውቅም። ለልጆቻችን ምቾት ብለን የሰበሰብነው ሁሉ፣ ሶፋው፣ ስልኩ፣ በመኪና መመላለሱ፣ ከዚያ ልጅ በታች አድርጓቸዋል።

ፀሐይን ደግሞ እንፈራለን። "ምች ይመታሃል" ተብሎ ያላደገ ማን አለ? ጨቅላ ሕፃናትን ብቻ በማለዳ እናሞቃለን፤ ልጁ ከተራመደ በኋላ ግን የሚያስታውሰው የለም። የማለዳዋ ፀሐይ ሙቀቷ ደስ ቢልም ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበት ጨረር ገና ብዙ የላትም። መለኪያው ቀላል ነው፤ የልጁ ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር ፀሐይዋ መሥራት ጀምራለች። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚሆነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው። የመስኮት መስታወት ደግሞ ያንን ጨረር ስለማያሳልፍ ክፍል ውስጥ ፀሐይ ላይ መቀመጥ አይቆጠርም። ጠቆር ያለ ቆዳም ዘለግ ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

የጠዋቱ የዕረፍት ደወል በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚደወለው በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ወዴት ይወጣሉ? ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ተከራይተው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች በከተማችን ሞልተዋል፤ ግቢያቸው የመምህራን መኪና ይዞታል፤ ልጆቹ ኮሪደር ላይ ቆመው ቺፕስ ይበላሉ። ያንን ልጅ ቅዳሜ ዕለት ምን መጫወት እንደሚወድ ጠይቄው ነበር። "በረኛ ነበርኩ" አለኝ። ከምን ያህል ጊዜ በፊት ስለው አባቱን ቀና ብሎ አይቶ "ኮንዶሚኒየም ሳንገባ" አለ። በ12 ዓመቱ "ነበርኩ" ማለቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ትምህርት ቤት ለመክፈት ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎች መማሪያ ክፍሉን እንደሚቆጥሩ ሁሉ፣ ልጅ የሚሮጥበትን መሬት ካልለኩ ፈቃዱን መስጠት የለባቸውም ብዬ አምናለሁ። ወላጅም ክፍያ ሲጨምሩበት ብቻ ሳይሆን ሜዳው ሲወሰድበትም ይሰብሰብ።

ልብን በተመለከተ ከቫይታሚኑ ይልቅ ቶሎ የሚነግረን የደም ግፊት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ3 ዓመት ጀምሮ ልጆች በየዓመቱ እንዲለኩ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ደግሞ ሐኪም ባያቸው ቁጥር እንዲለኩ ይመክራል። እኛ ዘንድ ልጅ ትኩሳቱና ክብደቱ ይለካል እንጂ ግፊቱ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ማክሰኞ አባትየው ብቻውን ተመልሶ መጣ። ልጁን ሁለት ቦታ አስለክቶት ሁለት የተራራቁ ቁጥሮች ሰጥተውታል። አንደኛው ቦታ ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ጠብቦት እየተፈታ በግድ እንደታሰረ ነገረኝ። ጠባብ ጨርቅ ወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሰፊው ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። እኛም መድኃኒት ቤት ያለን አንድ መጠን ብቻ ነበር። አሠሪዬን አስረድቼ ሌሎች ሁለት መጠኖች አዘናል። ሲመጡ ልጁን ይዞት እንዲመጣ፣ ከመለካቱ በፊትም አምስት ደቂቃ አረፍ ብሎ እንዲቀመጥ ተነጋግረናል።