በሩ ስለተጠናከረ ፊልሙ አላረጀም

ሰሞኑን አንድ የፊልም ሐያሲ የድሮ የአውሮፕላን ጠለፋ ፊልሞችን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ሊቀብራቸው ሞክሯል። መከራከሪያው አንድ ነው፤ የአብራሪዎች ክፍል በር ጥይት የማይበሳው ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለ ታሪክ ማንንም አያስፈራም ይላል። ለማሳያ የጠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን «ኤግዜክዩቲቭ ዲሲዥን» ነው፤ ጠላፊዎች ቦምብ ጭነው የያዙትን የመንገደኞች አውሮፕላን ኮማንዶዎች በድብቅ ገብተው ለማስለቀቅ የሚሞክሩበት ፊልም ነው። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶታል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ ከ60 በላይ መንገደኛ የሚጭን አውሮፕላን የተጠናከረ በር እንዲኖረው ያዛል። ታዲያ ምን ይሁን? በዚህ ፊልም በሩ ሥራ የለውም። ቦይንግ 747ቱ ገና ከጅምሩ ተይዟል፤ ልብ የሚሰቅለው ነገር የሚፈጸመው ከመንገደኞቹ እግር በታች ነው። ደግሞስ የተቆለፈ በር ፍርሃት ያጠፋል ያለው ማነው? በ2015 በጀርመንዊንግስ በረራ ረዳት አብራሪው ዋናውን አብራሪ ውጭ አስቀርቶ አውሮፕላኑን ከተራራ ሲያላትም፣ ዋናው አብራሪ ሊሰብረው ያልቻለው ይህንኑ በር ነበር።

ይህን ፊልም የሚሸከመው የአየር ግፊት ነው። ኮማንዶዎቹ ራዳር በማያያት አውሮፕላን ከ747ቱ ሆድ ሥር ተጠግተው፣ በቱቦ ተያይዘው ወደ ውስጥ ይወጣሉ። 10 ሺህ ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን የውስጥ ግፊቱ በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ብዙም እንዳይወርድ ተደርጎ ይጠበቃል። ከውጭው ጋር ያለው ልዩነት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 5 ቶን ገደማ ይጫናል። ቱቦው እኩል ግፊት መያዝ አለበት፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ቢቀደድ ግን ያ ሁሉ አየር በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ሂሳቡ ምሕረት የለውም። ለዚህ ነው በስቲቨን ሲጋል የተወከለው አዛዥ ክዳኑን ከውጭ በኩል ዘግቶ የሚሞተው። ሐያሲው ግን ዝነኛውን ተዋናይ በጊዜ መግደል ርካሽ ማስደንገጫ ነው ብሎ ያልፈዋል። ርካሽ ነው? ከዚያች ደቂቃ በኋላ ፊልሙ የሚወድቀው እዚያ መገኘት ባልነበረባቸው ሰዎች እጅ ነው! ከርት ረስል የሚጫወተው የስለላ መረጃ ተንታኝ ከወረቀት በቀር ውጊያ አያውቅም። ፈንጂ አምካኙ አንገቱን ተጎድቶ መንቀሳቀስ ስለተሳነው፣ ጓዶቹ ተሸክመው ከቦምቡ አጠገብ ያስተኙታል፤ እጅ የሚሆነው ኮማንዶዎቹን ያመጣችውን አውሮፕላን የነደፈው ኢንጂነር ነው። አንዱ ያውቃል፣ ሌላው ይነካል፤ በሹክሹክታ፣ ከጠላፊዎቹ እግር በታች። ዳይሬክተሩ ስቱዋርት ቤርድ የ1978ቱን «ሱፐርማን» ያቀናበረ ኤዲተር ነበርና ትዕይንቱን የት ቆርጦ ተመልካቹን በጭንቅ እንደሚያቆይ ያውቃል።

ጠላፊዎቹ ከአንድ ቅርጽ የወጡ መሆናቸውን አልክድም። ደካማ ጎኑ ይኸው ነው፤ ሐያሲው ግን ይህንን ትቶ ከበሩ ጋር ይታገላል።

የኮማንዶዎቹ የመገናኛ መሣሪያ መጥፋቱንም አልጠቀሰውም። ተዋጊ ጄቶች 747ቱን ሊመቱ ሲቀርቡ፣ ውስጥ ያሉት በሕይወት መኖራቸውን የሚያሳውቁት የአውሮፕላኑን የጅራት መብራት በሞርስ ኮድ፣ ማለትም ፊደላትን በአጭርና በረጅም ብልጭታ በሚያስተላልፈው ምልክት፣ እያበሩና እያጠፉ ነው። ዛሬ የሚሠሩት አክሽን ፊልሞች እዚህ ቦታ ላይ ለጀግናው የጆሮ ማዳመጫ ይሰጡታል፤ ከማዘዣ ጣቢያው ጋር እያወራ ይገባል፣ እያወራ ይወጣል፣ እኛም አንዴ እንኳ ሳንሰጋለት ፊልሙ ያልቃል።